ልጄ ያነበበችው ቃለ መሐላ

ይድረስ ለጠበቆች ማኅበራት፣ በቤተሰብ ጉዳይ ለምትሠሩ ጠበቆች፣ እንዲሁም በፍቺና በልጅ ጉዳይ ጠበቃ ለመያዝ ለምትዞሩ እናቶችና አባቶች፤

ልጄ ያኔ 12 ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ልታስፈርመኝ ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ ስትፈልግ አንድ ፋይል አገኘች። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ስመለስ ቆማ እያነበበች ነው። በፍቺ ክርክራችን በእናቷ ላይ ለፍርድ ቤት ያቀረብኩት ቃለ መሐላ፣ ማለትም በመሐላ የተረጋገጠ የጽሑፍ ቃል ነበር፤ 11 ገጽ። ቀና ብላ አየችኝና «ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?» አለችኝ።

እኔ አልጻፍኩትም። ጠበቃዬ ነው የጻፈው። ፊርማው ግን የእኔ ነው፤ ከመፈረሜ በፊትም በወጉ አላነበብኩትም። ይህን ሁሉ ለ12 ዓመት ልጅ እንዴት ብዬ ላስረዳት? «አዎ» አልኳት። ፋይሉን ዘጋችና ወደ ክፍሏ ገባች። የትምህርት ቤቱን ወረቀት አላስፈረመችኝም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። ጠበቃ ስለመያዝ የሚመክር ሰው ሞልቷል፤ እኔ ልናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ለፍቺና ለልጅ ጉዳይ የምትቀጥሩት ሰው በስማችሁ ይጽፋል፣ በስማችሁ ይናገራል። የጻፈው ነገር መዝገቡ ከተዘጋ በኋላም እናንተና ልጃችሁ መሀል ይኖራል። ስለዚህ ሰውየው በስማችሁ ምን ሊጽፍ እንደሚችል ሳታውቁ አትቅጠሩ። ከማኅበራቱም የምጠይቀው አለኝ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እኔ እንዴት እንደቀጠርኩ ልንገራችሁ። ትዳሬ መፍረሱን የሰሙ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ቃል ይዘው መጡ፤ «ኃይለኛ ጠበቃ ያዝ»። አንዱ ደግሞ «ሳትቀድምህ» ብሎ ጨመረበት። እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንታት ሆኖኝ ነበር። ሰው እንደዚያ ሲሆን ከጎኑ የሚያስፈራ ሰው ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ጠበቃ 20 ደቂቃ አነጋገረኝ። ስለ ቤቱ ጠየቀኝ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ባንክ ሂሳብ፣ ስለ ባለቤቴ ጥፋት። የልጄን ስም አልጠየቀኝም። ስንለያይ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ልጅቷን እንወስዳታለን፣ አታስብ» አለኝ። እኔም ቀለል ብሎኝ ወጣሁ።

ዛሬ እዚያ ቢሮ የሚቀመጥ ወላጅ ባገኝ ሁለት ነገር አሳየው ነበር። በልጅ አሳዳጊነት ላይ ውጤት ቃል የሚገባ ጠበቃ በእጁ የሌለውን ነው የሚሰጣችሁ። ውሳኔው የዳኛው ነው። ዳኛው ደግሞ ከሁለታችሁ ማን ይበልጥ እንደተበደለ ለመለየት አይቀመጥም። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 3 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰን ነገር ሁሉ የልጁ ጥቅም ቀዳሚ ሆኖ ይታይ ይላል። አንቀጽ 9 ደግሞ ከወላጁ የተለየ ልጅ፣ የሚጎዳው ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በየጊዜው የመገናኘት መብት አለው ይላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። መብቱ የልጁ ነው። እኔ ግን ወራት ሙሉ «መብቴ» ስል የኖርኩት እሱን ነው። አንቀጽ 12ን ካያችሁት ደግሞ፣ የራሱን ሐሳብ መያዝ የሚችል ልጅ በሚነካው ክርክር ውስጥ የመሰማት ዕድል ሊሰጠው ይገባል። የእኔዋ ልጅ ሐሳብ ነበራት። ማንም አልጠየቃትም፤ እኔም ጭምር።

«እንወስዳታለን» የምትለዋም ቃል ቀላል አይደለችም። ልጅ እንደ ዕቃ የሚወሰድበት ዘመን ነበር። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1839 እ.ኤ.አ. ድረስ ትዳር ሲፈርስ ልጆች ያለ ብዙ ጥያቄ የአባት ነበሩ። ካሮላይን ኖርተን የምትባል ጸሐፊ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ባሏ ወስዶባት፣ ሕጉ እንዲለወጥ ስትጽፍና ስትወተውት ኖራ፣ በዚያ ዓመት እናቶች ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክቱ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ይህን ሳነብ የመጀመሪያው ጠበቃዬ ድምፅ ነው የመጣብኝ። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ረጅም መንገድ ሄዷል፤ አነጋገራችን ግን ገና ነው።

ወደ ቃለ መሐላው ልመለስ። ጠበቃው ስለ ሚስቴ የነገርኩትን ሁሉ አሰፈረው። ተናድጄ የተናገርኩትንም፣ ከአሥር ዓመት በፊት የሆነውንም፣ ለእሱ ብቻ የነገርኩ የመሰለኝንም። እውነት ነበር? አብዛኛው እውነት ነበር። ግን ስለ ልጄ የሚናገረው አንቀጽ ስንት እንደነበረ ታውቃላችሁ? ሁለት። የእሷም ጠበቃ ዝም አላለም፤ መልሱ 16 ገጽ ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ እኔና እናቷ ስልክ መደዋወል አቆምን። ልጅቷ ትኩሳት የያዛት ቀን እንኳ «መድኃኒት ሰጥተሻታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከእኔ ወደ ጠበቃዬ፣ ከእሱ ወደ ጠበቃዋ፣ ከዚያ ወደ እሷ ሄዶ መልሱ በማግስቱ ደረሰኝ። ለሁለቱም ጠበቆች ተከፍሏል።

ልጄ ፋይሉን ባነበበች በሳምንቱ ጠበቃ ቀየርኩ። ጠበቃ መቀየር ይቻላል፤ ብዙ ሰው የማይቻል ይመስለዋል። ወጪ አለው፣ አዲሱ ሰው መዝገቡን እንደገና ያነባል፣ ቀጠሮም ሊራዘም ይችላል። ግን ከማታምኑት ሰው ጋር አንድ ዓመት ከመጓዝ ይሻላል።

ሁለተኛዋ ጠበቃ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ገና እንደተቀመጥኩ ስለ ቤቱም ስለ ሚስቴም አልጠየቁኝም። «ልጅዎን ጠዋት ማን ነው የሚቀሰቅሳት?» አሉኝ። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ስትታመም ሐኪም ቤት ማን ይዟት ይሄዳል? የክፍል ኃላፊዋ ስም ማን ነው? የቅርብ ጓደኛዋስ? ሁለቱን መመለስ አልቻልኩም። ፊቴን አይተው «ፍርድ ቤትም ይህንኑ ነው የሚጠይቅዎ። ዛሬ ማወቅዎ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ 11ዱን ገጽ ተቀብለው በሁለት ቀለም ያሰምሩበት ጀመር። በቀይ ስለ ሚስቴ፣ በሰማያዊ ስለ ልጄ። ሲጨርሱ ወደ እኔ አዞሩት። ወረቀቱ ቀይ ነበር። «ሰማያዊውን እናስቀር» አሉኝ። ተሻሽሎ የገባው ጽሑፍ ሁለት ገጽ አልሞላም።

አንድ ሌላ ነገርም ነገሩኝ፤ መስማት ያልፈለግኩትን። ልጄ ከእኔ ጋር ብቻ እንድትኖር መጠየቄ እንደማያዋጣ፣ ቢያዋጣም ለእሷ እንደማይበጅ፣ ጥሩ እናት እንዳላት ከራሴ ወረቀት እንደሚታይ። ያን ቀን ተናድጄ ነው የወጣሁት። የቀጠርኳቸው ግን በዚያ ምክንያት ነው። የምትከፍሉት ሰው ደንበኛ ላጣ እችላለሁ ሳይል «ይህ አያዋጣም» ካላችሁ አትልቀቁት።

እንግዲህ ለመቅጠር የምትዞሩ ሰዎች፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጠበቃ አነጋግሩ። የቤተሰብ ጉዳይ የዕለት ሥራው የሆነ ሰው ፈልጉ። በንግድ ክርክር ስሙ የገነነ ሰው ስለ ልጅ ጉዳይ ላያውቅ ይችላል። ካለፉት ጉዳዮቹ ስንቱ በስምምነት እንዳለቀ፣ ስንቱ እስከ ፍርድ እንደሄደ ጠይቁ። አንዱንም ተከራክሮ የማያውቅ ያሳስበኛል፤ አንዱንም አስማምቶ የማያውቅ ግን ይበልጥ ያስፈራኛል። ስልክ ማን እንደሚያነሳ፣ ሥራውን እሱ ራሱ ይሠራው እንደሆነ ወይም ለረዳት ይሰጠው እንደሆነም ጠይቁ። ሁለታችሁን አንድ ጠበቃ ልወክል የሚል ከመጣ ተጠንቀቁ። በክርክር ውስጥ ጥቅማችሁ ይጋጫል፤ አንድ ሰው የሁለቱንም ሚስጥር ይዞ ለሁለቱም ታማኝ መሆን አይችልም። ተስማምታችሁ የምትለያዩ ከሆነና ስምምነቱን የአንዳችሁ ጠበቃ ብቻ ከጻፈው ደግሞ፣ ሌላኛው ወገን ከመፈረሙ በፊት ለራሱ ጠበቃ ያስነብበው።

ስትቀጥሩም ክፉውን አስቀድማችሁ ንገሩት። ዕዳ፣ መጠጥ፣ ሌላ ግንኙነት፣ እጅ ያነሳችሁበት ቀን ካለ እሱንም። ጠበቃ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እናንተ የደበቃችሁትን ከተቃራኒ ወገን በችሎት ቢሰማው ግን ሊረዳችሁ አይችልም።

ስለ ክፍያ ብዙ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፤ እኔም አፍሬ ነበር። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በሰዓት ነው ወይስ በአጠቃላይ? በሰዓት ከሆነ ስንት ስንት ደቂቃ እየተባለ ይቆጠራል? በሰዓት በሚሠሩ ብዙ ቢሮዎች ትንሹ መቁጠሪያ 6 ደቂቃ ነው፤ አንዲት አጭር ስልክም እንደ 6 ደቂቃ ልትያዝ ትችላለች ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አጠራቅማችሁ በአንድ ጊዜ ጻፉ። የዳኝነት፣ የትርጉም፣ የባለሙያ ምርመራ ወጪ ከዋጋው ውጭ መሆን አለመሆኑን፣ በቅድሚያ የከፈላችሁት ገንዘብ ቢተርፍ ይመለስ እንደሆነ፣ በየወሩ ዝርዝር ይላክላችሁ እንደሆነ ይጻፍ። ፍቺው ከተገኘ ብቻ ወይም ከቀለቡ ይህን ያህል በመቶ የሚል ክፍያም ቢቀርብላችሁ እሺ አትበሉ። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሞዴል የሥነ ምግባር ደንብ በቁጥር 1.5 ላይ እንዲህ ያለውን ክፍያ በፍቺ ጉዳይ ይከለክላል፤ ነገሩም ግልጽ ነው፤ የጠበቃው ገቢ በመፋታታችሁ ላይ ከተንጠለጠለ ብትታረቁ የሚጎዳው እሱ ነው። ለቅሷችሁን ደግሞ ለወዳጅ ወይም ለሥነ ልቦና ባለሙያ ውሰዱት። እኔ ብዙ ሰዓት ለጠበቃ አልቅሻለሁ፤ ሂሳቡ ሲመጣ ልጄን ለአንድ ዓመት የሚያስተምር ገንዘብ እዚያ ውስጥ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትን አትናቁ። ፍርድ ቤት ጊዜያዊ ትእዛዝ ሲሰጥ ሰው «ጊዜያዊ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልጅ ግን በለመደው ቤት፣ በለመደው ትምህርት ቤት ይረጋጋል፤ ዳኞችም የተረጋጋ ልጅ ማናወጥ አይወዱም። ስለዚህ ጊዜያዊ የተባለው ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ውሳኔ መሠረት ይሆናል። ተናድዶ ከቤት ወጥቶ ልጁን ለወራት ሳያይ የቆየ ወላጅ በኋላ ይህን ሲሰማ በጣም ያዝናል። ከመውጣታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ልጅ ይዞ ድንበር መሻገርም እንደዚያው ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሄግ የሕፃናት ጠለፋ ስምምነት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ሌላው ወላጅ ፈቃድ ከሚኖርበት አገር ከተወሰደ ባፋጣኝ እንዲመለስ ያዛል፤ የአሳዳጊነቱም ክርክር እዚያው እንዲታይ። የሚሠራው ስምምነቱን በተቀበሉ አገሮች መካከል ነው። አንዳችሁ ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ፣ ወይም ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ይህን የሚያውቅ ጠበቃ ያስፈልጋችኋል፤ ትኬት ከመቆረጡ በፊት።

ጠበቃዬ የነገሩኝን ሌላም ልንገራችሁ። ለቀድሞ ባለቤታችሁ የምትልኩትን መልእክት ሁሉ ዳኛ እንደሚያነበው አስባችሁ ጻፉ። ስልኳን ሰርቃችሁ አትክፈቱ፤ በብዙ አገር ወንጀል ነው፣ ያገኛችሁትም ማስረጃ ላይጠቅማችሁ ይችላል። ቀለብ አልተከፈለም ብሎ ልጅን መከልከል፣ ልጅ አላየሁም ብሎ ቀለብ ማቋረጥ ሁለቱም ልጁን ነው የሚቀጣው፤ ብዙ ፍርድ ቤቶችም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያዩት። ልጁን ዳኛ ፊት የሚለውን አታስጠኑት።

አሁን አንድ ነገር በጥንቃቄ ልናገር። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ሁለቱም ወላጆች ለልጁ ደኅና በሆኑበት ቤት ነው። ድብደባ፣ ማስፈራራት፣ ክትትል ባለበት ቤት ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ቀዩም ሰማያዊውም አንድ ነው፤ እናቱ ስትመታ የሚያይ ልጅ ራሱ ተጎድቷል፣ መጻፍም አለበት። እንዲህ ያለው ወላጅ ለጠበቃው መጀመሪያ የሚናገረው ይህን ይሁን፤ አጥቂው እንዳይቀርበው የሚከለክል የጥበቃ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት እንዲጠየቅለት፣ አድራሻው በመዝገብ ላይ እንዳይታይ፣ ጠበቃው በየትኛው ስልክ እንደሚደውልለት። «ለልጆቹ ብላችሁ ተስማሙ» የሚል ጠበቃ ከገጠመው ይነሳና ይውጣ። በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትንና የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚመለከተው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ለፊርማ የቀረበው የአውሮፓ ምክር ቤት የኢስታንቡል ስምምነት በአንቀጽ 48 ጥቃት ባለበት ጉዳይ አስገድዶ ማደራደርን ይከለክላል። ከሚፈራው ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው በነፃነት አይደራደርም።

ጥቃት በሌለበት ግን ድርድሩን ሞክሩት። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ስቱ ዌብ የሚባል የቤተሰብ ጠበቃ በችሎት መሟገት ሰልችቶት አዲስ አሠራር ጀመረ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ጠበቃ ይዞ ይደራደራል፤ ካልተስማሙ ግን ሁለቱም ጠበቆች ከጉዳዩ ይወጣሉ፣ ክርክሩን የሚይዙት ሌሎች ናቸው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የወደድኩት። ጠበቃው ከጠቡ መርዘም የሚያገኘው ነገር እንዳይኖር ያደርጋል። እኔና የልጄ እናት ይህንኑ አላደረግንም፤ ግን ሁለቱ ጠበቆች ባሉበት አራት ጊዜ ተቀምጠን ጨረስነው። በመጨረሻ የተጻፈው ስምምነት የትኛው ሳምንት የማን እንደሆነ፣ የዕረፍት ጊዜዋን እንዴት እንደምንካፈል፣ ስትታመም ማን እንደሚጠራ፣ ፓስፖርቷ የት እንደሚቀመጥ፣ ማታ ለሌላው ወላጅ ስንት ሰዓት እንደምትደውል ይናገራል። የልጅ ጉዳይ ሁኔታ ሲለወጥ ተመልሶ ሊታይ ይችላል፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ጊዜ እንድናየውም ጻፍን።

ማኅበራት ሆይ፣ ወደ እናንተ መጣሁ።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። በቤተሰብ ጉዳይ የሚሠራ አባላችሁ ሁሉ ውሉን ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ በጽሑፍ ይስጥ፤ ናሙናውን እናንተ አዘጋጁለት። ልጅ ባለበት ጉዳይ ደግሞ ማንኛውም ቃለ መሐላ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃው ከደንበኛው ጋር ተቀምጦ ገጽ በገጽ ያንብበው፤ በየአንቀጹም «ይህ ለልጁ ምን ያደርጋል?» ብሎ ይጠይቅ። የሚወስደው አንድ ሰዓት ነው። እኔ ያንን ሰዓት ባገኝ ኖሮ ግማሹን ራሴ እሰርዘው ነበር፤ በዚያ ንዴት ውስጥ ሆኜም ቢሆን። አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ደንበኛው ራሱ ጻፍልኝ ይላል» ትሉኛላችሁ። ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን ደንበኛ ያን ቀን ያዘዛችሁን ሁሉ እንድትጽፉ አይደለም የሙያ ፈቃድ የያዛችሁት።

ሦስተኛው ለእኔ ከባዱ ነው። ሙሉ ጥብቅና መክፈል የማይችል ወላጅ ብዙ ነው፤ ብቻውን ችሎት ይቆማል፣ የማይገባውን ስምምነት ይፈርማል። ለእንዲህ ያለው ሰው ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ ሳትይዙ የተወሰነ ሥራ ብቻ ሥሩለት፤ አንድ ስምምነት አንብባችሁ አስረዱት፣ አንድ አቤቱታ ጻፉለት። ነፃ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ባይሆን እንኳ የአንዲት ሰዓት ዋጋ ሰው ለምኖም ቢሆን ያገኛል። ፈርሞ ልጁን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሚያይ በኋላ የተረዳ አባት አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ያስረዳው ሰው ነው ያልነበረው።

የልጄን ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። የድሮው ቃለ መሐላ ከመዝገብ ይወጣ እንደሆነ ጠበቃዬን ጠይቄ ነበር። አንዴ ገብቷል፣ አይወጣም አሉኝ። አሁን የፍርድ ቤት ወረቀት ቤት ውስጥ አላስቀምጥም። ልጄ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እናቷ ጋ ናት። ጠዋት የምቀሰቅሳት እኔ ነኝ፣ የክፍል ኃላፊዋንም ስም አውቃለሁ። ስለዚያ ወረቀት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ሰማችኝ፣ ምንም አላለችም።

ያን ቀን ልታስፈርመኝ የነበረው የሽርሽር ፈቃድ ነበር። በማግስቱ እናቷ ፈረመችላት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ልጅ አባት